ታላቅ ይጀምራል

ካርታ ቤቴ አይገባም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምክንያቱን የእንጅባራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ጠጅ ቤት በረንዳ ላይ ካርታ ይዘው የሚቀመጡትን ሰዎች ሲነሡ አይቼ አላውቅም። ሲቀመጡ ጎልማሳ ነበሩ፣ ዛሬም እዚያው ተቀምጠው ሸብተዋል። እኔ ያደግሁት በሥራ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ በሳሙና ካርቶንና በስኳር ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየጠየቅሁ፣ እያነበነብኩ ለመድኩት። የቀርከሃ ወንበር መሥራትንም የተማርኩት የተሰበረ ወንበር ፈትቼ መልሼ በመግጠም ነው። እንዲህ ሆኖ የኖረ ሰው፣ ሌላው ቀኑን በካርታ ሲጨርስ ሲያይ ዝም ማለት አይሆንለትም። እኔም ዝም አልልም ነበር።

ታዲያ ልጄ ካርታ ሠሪ ሆነች።

ገዝታ አምጥታው ቢሆን ምድጃ ውስጥ በጨመርኩት። እሷ ግን ሠራችው። ተመርቃ ከመጣች ወዲህ ሥራ አላገኘችም። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ኔትወርኩም እንደዚያው ነው፤ ሲጠፋ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ስልኩን እንደ ሞተ ጫጩት መዳፉ ላይ ይዞ ይቀመጣል። እሷ ከየሱቁ የብስኩት ካርቶን እየለመነች፣ እየቆረጠች፣ በእስክሪብቶ ሥዕል ትሥልበት ጀመር። መብራት ሲመጣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ ላስቲክ ታስለብሰዋለች። ባለቤቴ የልጅ ጨዋታ መስሏት አላየችውም። እኔ አይቼዋለሁ፤ ግን ምን እንደምል ቸገረኝ።

ሁለት ጨዋታ ነው የሠራችው። ሁለቱም ትናንሽ ናቸው፤ ካርዶቹ በአንድ እጅ ይጨበጣሉ፣ ሻይ እስኪፈላ አንድ ዙር ያልቃል። አንደኛው ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ክምር ብላዋለች። እዚህ አገር ዛፍ ተክሎ ከሰል የማያከስል ገበሬ ጥቂት ነው። እንጨቱን ከምሮ፣ በሣርና በአፈር ሸፍኖ፣ ከውስጥ እሳት ለኩሶ አጠገቡ ይቀመጣል። ቸኩሎ የከፈተ አመድ ያገኛል። የልጄም ጨዋታ እንዲሁ ነው። ካርዶቹ ተደፍተው ይደረደራሉ፣ አንድ በአንድ ትገልጣቸዋለህ፣ እሳት ሲመጣብህ በያዝካት ጥቂት አፈር ትሸፍናለህ። ሁለት እሳት ጎን ለጎን ከተገናኘ ክምሩ ነደደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ለሁለት ሰው ነው፤ ስሙ ጋሪ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች የዳንግላ ባለጋሪዎች ናቸው። በየተራ ከመሐል አንድ ካርድ ያነሣሉ። ፈረስ ይመጣል፣ ድንች ይመጣል፣ ከሰል ይመጣል፣ ወፍራም ተሳፋሪ ይመጣል። ፈረስህ የሚችለውን ትጭናለህ፤ የማትፈልገውን መንገድ ላይ ትተወዋለህ፤ ባልንጀራህ ከፈለገ ያነሣዋል። ጋሪውን ቀድሞ የሞላ "ቼ!" ብሎ ይነሣል፣ አሸነፈ።

ክረምቱ ገብቶ ነበር። እንጅባራ ላይ ክረምት ከገባ ወንበር የሚገዛ አላፊ መኪና አይቆምም። ወገቤንም እያመመኝ ነበር። ልጄ ካርዶቿን ይዛ ፊቴ ቆመች።

"አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩልኝ። ገንዘብ የለበትም።"

"ቁማርም ሲጀምር ገንዘብ የለበትም" አልኳት።

"እንግዲያውስ ይጫወቱና ጉድለቱን ይንገሩኝ።"

ጉድለት ፈልግ ካሉኝ እምቢ አልልም። ተቀመጥኩ።

"ማን ይጀምር?" አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ታላቅ እያለ ይህ ይጠየቃል? በቤቴ ቀድሞ እጁን የሚታጠበው ታላቅ ነው። መሶብ ላይ ቀድሞ እጁን የሚሰደው፣ እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚናገረው ታላቅ ነው። አባቴም እንዲህ ነበሩ፣ አያቴም እንዲህ ነበሩ። ጀመርኩ። አሸነፍኩም።

በማግስቱ ተጫወትን፣ አሸነፍኩ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ በዘነበ ቁጥር እንጫወት ነበር። አልፎ አልፎ ብታሸንፈኝም አብዛኛውን የማሸንፈው እኔ ነኝ። መቼም የሰው ልብ ነውና ደስ አለኝ። ካርዶቹን እየሰበሰብኩ እመክራት ጀመር። ፈረሱን ያላየ ጭነቱን አይመርጥም፤ ወጣት ዓይኑ ጆንያው ላይ ነው፣ ሽማግሌ ዓይኑ የፈረሱ ጉልበት ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ብዙ ነገር። አንገቷን ደፍታ ታዳምጠኛለች። ከባለቤቴ ጋር ስትጫወትም ባለቤቴ ትጀምራለች፣ ባለቤቴ ታሸንፋለች። እኔና ባለቤቴ ስንጫወት ደግሞ እኔ እጀምራለሁ፣ አሸንፋለሁ።

ባለቤቴ አንድ ቀን እየሳቀች "ይኼስ ወግ የሚያውቅ ካርታ ነው! በዕድሜ ነው የሚያሸንፈው" አለች።

እኔ አልሳቅኩም። እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ካርዱን በውዛ መሐል ካስቀመጠች በኋላ እጇን ሳትሰበስብ ቆየች። "አባባ፣ ዛሬ እኔ ብጀምርስ?"

"ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይኼን ነው?"

እጇን ሰበሰበች። ሌላ ቀንም ጠየቀችኝ፤ ያንኑ መለስኩላት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም።

ክምር ግን አልሆነልኝም። እሷ ገበያ ስትወጣ ተደብቄ ደርድሬው ነበር። ሁልጊዜ ይነድብኛል። አንድ ካርድ ብቻ ልጨምር እላለሁ፣ ሁለቱ እሳቶች ይገናኛሉ፣ አመድ። ብቻውን የሚጫወት ሰው ብቻውን ከሚበላ ሰው አይለይም ብዬ ተውኩት። ጨዋታው ነው መጥፎው፣ እኔማ ጋሪውን እያሸነፍኩ ነው እያልኩ።

አሁን ጭንቁን ልንገር። አዘና ላይ ታላቅ እህቴ አሉ። እትዬ ነው የምላቸው፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ የፈረስ ማሰሪያ ገመድ። ልጅ አልወለዱም፣ ጉልበታቸውም ደክሟል። "ልጅቱን ስጠኝ፣ ሱቁን ትያዝልኝ፣ በኋላም የእሷው ይሆናል" ብለው ላኩብኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሱቅ መቀመጥ ነውር አይደለም። ሥራ የሌላት ልጅ ሥራ ያላት ዘመድ ጋር ብትሄድ ምን ይላል ሰው?

ልጄ አለቀሰች አልልም። ብቻ ዳንግላ ሄዳ ተመለሰች። እዚያ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ አንድ ሰው አለ። ካርዶቿን አሳይታው "በገበያ ቀን ይዘሽ ነይ። ፊትሽ ከሰው ጋር እጫወተዋለሁ። የተሸነፈው ሰው ይደገም ካለ ሱቄ ውስጥ አስቀምጬ እሸጥልሻለሁ። ካላለ ድካምሽን ተይው" ብሏታል።

"እስከዚያ ይታገሱኝ አባባ" አለችኝ።

"ከተቀበለሽ ትቆያለሽ" አልኳት። "ካልተቀበለሽ ካርታሽን ምድጃ ውስጥ ጨምረሽ ከአክስትሽ ጋር ትሄጃለሽ። ሁለተኛ ወሬ የለም።"

የተናገርኩትን አላጥፍም። ብዙ ሀብት የለኝም፤ ያለኝ ይኼው ነው።

እትዬ በገበያው ዋዜማ ጠዋት በባጃጅ መጡ። ልጅቱን ይዘው ሊሄዱ ነው የመጡት፤ ጨርቅ የሚታሰርበት ገመድ ሳይቀር አምጥተዋል። ምሳ በልተን ስንጨርስ ዝናቡ ወረደ። ካርዶቹን ወንበሩ ላይ አዩ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የልጅቱ ጨዋታ ነው፣ እትዬ።"

"ልጅቱን ያስቀረብኝ ይኼ ነው? እስቲ አምጣው፣ እስኪያባራ።"

ማንበብ አይችሉም፤ ካርዱ ግን ሥዕል ነው፣ ፈረሱም ድንቹም ያስታውቃል። በውስጤ ልጄን ላኮራት አሰብኩ። ትልቅ ሰው ሲጫወተው ምን እንደሚመስል ታያለች ብዬ እጄን ወደ መሐል ዘረጋሁ።

እጄን መቱኝ። "ሰብስብ! ታላቅህ እያለሁ?"

ሰበሰብኩ። እትዬ ጀመሩ። እኔ ሁለተኛውን ጆንያ ስፈልግ እሳቸው "ቼ!" ብለው ተነሡ።

"የጀማሪ እድል ነው" አልኩ።

"እድል? እንካ እንደገና።"

እንደገና ተሸነፍኩ። ከዚያም እንደገና። ባለቤቴ ሹሩባ መሥራቷን ትታ መጥታ ቆማ ታይ ጀመር።

"ፈረስህ አነከሰ እንዴ ወንድሜ? ድንቹ ሳይበቅልበት ተነሣ እንጂ።"

"ልነሣ ነው።"

"ሲወለድም እንዲሁ ነው" አሉ ወደ ባለቤቴ ዞረው፤ "አፉ ይቀድማል፣ ጋሪው ይቀራል።" ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር ጨመሩላት፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አዊኛ እሰማለሁ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ዝናቡ አባራና እትዬና ባለቤቴ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። መብራት ስለመጣ ልጄ የመጨረሻዎቹን ካርዶች ላስቲክ ልታስለብስ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች። ለናሙና የሠራችው አሮጌው ካርድ እኔ ጋ ቀረ። ነገሩ ከነከነኝ። እህቴ ጨው የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ይህን ጨዋታ ያዩት ዛሬ ነው። እኔ ክረምቱን ሙሉ ተጫውቼዋለሁ።

ለሁለት የተሠራውን ጨዋታ ብቻዬን ተቀምጬ ለሁለት ተጫወትኩት። ቀኝ እጄ አንድ ባለጋሪ፣ ግራ እጄ አንድ ባለጋሪ። ቀኝ ጀመረ፣ ቀኝ አሸነፈ። ካርዱን በወዝኩ፣ ግራ ጀመረ፣ ግራ አሸነፈ። አንዳንዴ ሳይሆን ይቀራል፤ አብዛኛውን ግን እንዲያ ነው። የጀመረው ሁልጊዜ በአንድ ጭነት ይቀድማል፤ ሌላው ዕድሜ ልኩን ቢሮጥ ከኋላ ነው። ሁለቱም እጆቼ የእኔ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ብልህ አይደለም።

ያን ያህል ጊዜ ዕውቀቴን ሰብኬያታለሁ። ዕውቀት አልነበረም።

ይህ ብቻ ቢሆን እውጠው ነበር። የከበደኝ ነገ ነው። ነገ እንግዳ ሰው ፊት የተሰበረ ነገር ይዛ ልትቆም ነው። የተሸነፈው ሰው ይደገም አይልም፤ ለምን ይላል፣ ሁለተኛ የጀመረ ሁሉ የሚሸነፍበት ጨዋታ ነው። ልጄም ይህን ማየት ያልቻለችው ሰነፍ ሆና አይደለም። በቤታችን አንድም ቀን ጀምራ አታውቅማ።

ዝም ማለትም አማረኝ። ዝም ብል ሰውዬው ይመልሳታል፣ ከእህቴ ጋር ትሄዳለች፣ ቃሌም ሳይታጠፍ ይኖራል። ያሸነፍኩትም ሁሉ ይቀርልኛል። ይህን ያሰብኩት በደንብ፣ ረጋ ብዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ካርዶቿን በፌስታል ጠቅልላ ስትወጣ ኮቴን ለበስኩ።

"የት ነው አባባ?"

"አብሬሽ ልሂድ።"

ቀድማኝ ወጣች። እትዬ በር ላይ ቆመው "ካርታዋን ለማስመለስ ነው ወይስ ለማስገባት?" አሉኝ። ልጄን ተከትዬ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ ከኋላ ተጣበን ተቀመጥን። አዲስ ቅዳም ከተማ ደረስን። በመንገዱ ዳር የከሰሉ ጆንያዎች በሣር አፋቸው ተከድኖ ተደርድረዋል። እነሱን እያየሁ ተናገርኩ።

"ጋሪው ጨዋታ ጉድለት አለበት።"

ዞር አለች። "የቱ ጋ?"

"መጀመሪያው ላይ። የጀመረ ያሸንፋል። እኔ ጎበዝ ሆኜ አይደለም። እትዬም ጎበዝ ሆነው አይደለም።"

መስኮቱን ታይ ጀመር። "ጠርጥሬ ነበር" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ልሞክረው ስል ግን..."

አልጨረሰችውም። "ስትይ ከለከልኩሽ" ብዬ ጨረስኩላት።

ከዚያ ጣቶቿን ታፍተለትል ጀመር። "ታናሽ ይጀምር ብዬ ልቀይረው?"

"ያው ነው፣ ታናሽ ያሸንፋል። ደግሞስ ማን ይቀበልሻል? ሽማግሌ ተቀምጦ ታናሽ እጁን ሲሰድ!" ንዴቴ ተመለሰ፤ ምክር የለመደ አፍ በተሸነፈበት ቀንም አይዘጋም። "እናንተ እኮ ታላቅ የሚቀድመው ለመብላት ይመስላችኋል። ታላቅ ቀድሞ የሚቆርሰው ለማጉረስ ነው!"

ልጄ እጄን ያዘች። "አባባ፣ ይድገሙት።"

"ምኑን?"

"እንግዲያው ያጉርሳ! ታላቅ ይጀምር፤ የገለጣትን የመጀመሪያ ካርድ ግን ጋሪው ላይ አይጭናትም። ለታናሹ ይሰጣል። ምንም ትሁን።"

ቦርሳዋን ጉልበታችን ላይ አጋድማ ካርዶቹን ዘረጋች። ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ድንቹና ከሰሉ ይቀላቀላል። እኔ ገለጥኩ፣ የሰጠኋት አሮጌ ፈረስ ነበር፤ በዚያው ፈረስ አሸነፈችኝ። ቀጥሎ እኔ አሸነፍኩ። ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ካርድ ተናንቀን እሷ።

ረዳቱ አንገቱን አስግጎ "ፋዘር፣ ቁማር ነው እንዴ? ተሳፋሪ እንዳያስበሉ!" አለኝ።

"ቁማር አይደለም!"

"ታዲያ ማን እየበላ ነው?"

"ልጄ" አልኩ።

አጠገባችን ዶሮ ያቀፉ እናት "ልጅዎ ከሆነችማ ምን ያንገበግብዎታል፣ ቤት ውስጥ ነው የቀረው" አሉኝ። መኪናው ሳቀ። አልተቆጣሁም፤ ለመቆጣትም ደክሞኝ ነበር።

ዳንግላ ገበያው ደርቷል። በጋሪዎቹ መሐል ተሹለክልከን ሱቁ ደረስን። ባለሱቁ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰው ነው። ከጎኑ ያለውን ልብስ ሰፊ ጠርቶ መደርደሪያው ላይ ካርዶቹን አስዘረጋ። ልጄ አስረዳች። "ታላቅ ይጀምራል። የመጀመሪያዋን ካርድ ግን ለታናሹ ይሰጣል" አለች።

ባለሱቁ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ሰፊው ጠቆመ። "ታላቁ እሱ ነው።"

"ማን? እኔ?" ሰፊው ክሩን ከጥርሱ አወጣ። "ጥርስህን ቆጥረህ ተናገር። አንተ ፊደል ስትቆጥር እኔ አልተወለድኩም።"

"አንተ አይደለህም እንዴ የክርስትናዬን ድግስ የበላኸው?"

"በእናቴ ሆድ ሆኜ ነዋ የበላሁት!"

በዚህ ዕድሜዬ የጎጃም ወንድ ታላቅነትን ሲሸሽ ያን ቀን ገና አየሁ። ልጄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞረች። በመጨረሻ ባለሱቁ "እሺ፣ ሽበቴ መሰከረብኝ" ብሎ ገለጠ፣ ያወጣውንም ድንች እያጉረመረመ ሰጠ። ተጫወቱ። ገበያተኛ በር ላይ መቆም ጀመረ። ሰፊው "ቼ!" ብሎ ሲነሣ በባለሱቁ ጋሪ ላይ የቀረው የአንድ ጆንያ ቦታ ብቻ ነበር።

"ተቀመጥ" አለው ባለሱቁ። "ይደገም።"

"ደንበኛ ቆሞብሃል እኮ።"

"ይቁም!"

ልጄ አየችኝ። እኔም አየኋት።

ከደጋገሙት በኋላ ባለሱቁ እወስዳለሁ አለ፤ ካርዱ ግን በፌስታል አይሸጥም፣ ማስቀመጫ ይፈልጋል አለን። የቀርከሃ አንጓ በልኩ ተቆርጦ ክዳን ቢበጅለት እንደሚሆን ነገርኩት። ወገቤን አመመኝ ስል የከረምኩ ሰው፣ ሥራ በአፌ ጠርቼ አመጣሁ።

ቤት ስንደርስ እትዬ ጓዛቸውን አስረው ደጃፉ ላይ በአንዱ ወንበሬ ተቀምጠዋል። ፊቴን አይተው ገባቸው።

"ቀረች?"

"ተቀብሏታል እትዬ። ቃሌ ነው፣ ትቆያለች።"

ጉልበታቸውን አሹ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አዘና ላይ ሱቁን የሚከፍቱት ብቻቸውን ነው፣ የሚዘጉትም ብቻቸውን ነው። እኔ በመከርኩት ምክር ሁሉ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አላገኘሁም። አንዱ ሲሞላለት የሌላው ይጎድላል፤ ይህን የሚያስተካክል ሕግ ልጄም አልሠራችም።

"ነይ እስቲ አንቺ" አሉ ወደ ልጄ። "ያንን ነገርሽን አምጪው። ከመሄዴ በፊት አንቺንም ልርታሽ።"

ልጄ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ በወዘች። "አክስቴ፣ ሕጉ ተለውጧል። እርስዎ ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያዋን ግን ለእኔ ይሰጡኛል።"

"ምን ሲደረግ!" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ነህ ያመጣኸው?"

"ሁለታችንም ነን።"

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ገለጡ። ጠንካራው ፈረስ ነበር፤ በካርዶቹ ሁሉ ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ዓይናቸው አጠገብ አምጥተው አዩት። ትናንት ደጋግመው ሲያሸንፉኝ ጭነታቸውን የጎተተላቸው ይኼው ፈረስ ነው። ልጄ እጇን አልዘረጋችም፤ ጠበቀች። አስፋልቱ ላይ ወደ አዘና የሚሄደው መኪና ጥሩንባውን ነፋ፣ እትዬ ግን ቀና አላሉም።

ቆይተው ፈረሱን ልጄ ፊት አኖሩት።

"ጫኚ እንግዲህ" አሏት።